አላየሁም

ስድስተኛው ሩጫ አልቆ፣ ዝናብ ከደቡብ ሲያካፋ፣
ጠሩን ወደ ችሎቱ ክፍል፣ የፊታችን ጭቃ ሳይጠፋ።
ከሚዛን ቤቱ ጀርባ ናት፤ ጠባብ፣
ማሞቂያዋ የሚጮኽ፣ ምንጣፏ ሰኮና ሰኮና የሚሸት፣ እርጥብ።
ሦስት ዳኞች በአንድ ወገን፣
እሱና እኔ በሌላው፣ አንድ አግዳሚ ተጋርተን።

«ሚስተር ማክኪቢን» አሉ ወይዘሮ ፕሪቻርድ፣ ከወረቀት እያነበቡ፣
«አራት መቶ ሜትር ሲቀር፣ ቦታ ሳይኖር ወደ ውስጥ ገቡ፤
የልጅቷን መንገድ አጠበቡ፤
ባዝራዋን ሶምሶማ አስጥለው ለግልቢያ ዳረጓት።
ክሱ ቸልተኛ አነዳድ ነው። ያምናሉ?»
«አላምንም።
ቦታ ነበረኝ። ፊልሙ ይታይ» አለ፤ ሌላ አላለም።

እኔን ጠየቁኝ። እንግዲህ ምን ልበል?
ዛብ በጣት እንጂ በክንድ አይያዝም ብሎ ያስተማረኝ እሱ፣
ውርጭ ባረፈበት ጠዋት፣ እጄ ሲደነዝዝ ጓንቱን የሰጠኝ እሱ።
«ጮኽኩ» አልኩ። «ሁለቴ በስሙ ጠራሁት።
ጎማው ጎማዬን ሲነካ፣ ዛቤን ወደ ደረቴ ሳብኩት፤
ፕለም እርምጃዋን ሳተች። ሦስተኛ ነበርን፤ መጨረሻ ገባን።»
ጸሐፊው ቀና ሳይል ጻፈ።

ፊልሙ ተከፈተ። ድምፅ የለውም፤
ከፊት ለፊት የተነሣ፣ ጊዜን በማንኪያ የሚቀዳ።
ስምንት ፈረስ አየር ላይ፣ ሰኮናው መሬት የናፈቀው፣
ጭቃው ተነሥቶ የት እንደሚወድቅ ገና ያላወቀው።
ያው፣ እዚያ ጋ፤ አልስተር ወደ ግራ ዞር ሲል፣ ግማሽ ፊቱ ወደ እኔ፣
የግራ ዓይኑ ክፍት፣ ሲያርፍ በዓይኔ።
እጅ ብንዘረጋ እንነካካለን።
ዝናብን በመስኮት እንደሚያይ ሰው አየን፣ እኔንና ባዝራዬን፤
ከዚያም ዛቡን ሳበ፤ ማንም ወደሌለበት እንደሚሄድ ሆኖ፣
ረጋ ብሎ፣ ተማምኖ።

«ይመለስ» አለ። መለሱለት። «እስቲ አንዴ ደግሞ።»
በሦስተኛው፣ ጭቃ የሚጠርግ መስሎ፣
ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ፤
ስክሪኑን አየ፤ ቆየ። እጁ ሲወርድ ሌላ ሰው ሆነ።

«ዞር ብለዋል» አሉ ወይዘሮዋ፣ «ይኸው በግልጽ ይታያል።
ታዲያ አይተዋታል ወይስ አላዩዋትም?»
ማሞቂያው ጮኸ። ጉልበቱን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል።

«አላየሁም» አለ።
አምስት ፊደል። «ክሱንም አምኛለሁ።»

ሰሙን ሰሙ፣ መዘገቡ፤
ያልተመለከተ ቸልተኛ ነው፤ ለእሱ ይበቃል ደንቡ፦
አምስት የውድድር ቀን እገዳ፣ ሦስት መቶ ዶላር፣
«ስላመኑ አቀለልንልዎ» የምትል ምርቃትም አልቀር።
ለማያይ ሰው ግን ቀን አልቆረጠም መጽሐፋቸው፤
እኔም አልነገርኳቸው።

ውጪ፣ የፈረስ መኪናው ዘንድ፣ ቁልፉን ወረወረልኝ፤
በክንድ ያህል ስቶኝ ኩሬ ገባ። «አንቺ ንጂ፣ ደክሞኛል» አለኝ።
ፈረሶቹ ከኋላ ሣንቃውን ይረግጣሉ።
«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።
«ምኑ?»
ሬዲዮውን ከፈተ። የበግ ገበያ ዜና።

አምስት ቀን ምን አላት? ወር ሳይሞላ ይመለሳል፤
እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ። እኔ ባልሆን የሌላ ሰው ልጅ።

ወደ ጎር መገንጠያው ላይ ቆምን። የሳውዝላንድ ሜዳ ጨልሟል፤ መስኮቱ ጉም ለብሷል።
«በአንተ በኩል እይልኝ» አልኩት፤ አውቄ ይሁን ሳላውቅ።
ዞር አለ፤ ልክ እንደ ፊልሙ፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይጨነቅ።
«ነጻ ነው፤ ሂጂ።»

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር።
የወተት ቦቴ ከነመብራቱ፣ ከነጩኸቱ ከግራ መጥቶ አለፈ፤
የመንገዱን ጭቃ ሁሉ መስታወታችን ላይ አራገፈ።
መጥረጊያውን አልከፈትኩም።
የጠቦት ዋጋ፣ አለ ሬዲዮው፣ ከትናንቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ውሏል።